ወንድሜ ፍሪጅ ውስጥ የተወው የጽድ ዘር

ዛሬ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት የእርጥብ አፈር ሽታ መጣብኝ። ወንድሜ ዮናስ ከመሞቱ በፊት ያስቀመጠው የጽድ ዘር ነው።

ልጅ ሳለሁም፣ እዚሁ ሮም፣ ዮናስ እንዲህ ያለ ዘር ከአፈር ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ ከቅቤው አጠገብ ሲያስገባ የእናታችን አጎት ጋሼ ተሰማ አዩት።

«አንተ፣ ዘር መሬት ይገባል እንጂ ፍሪጅ ይገባል? ሬሳ መሰለህ?»

«ጋሼ፣ ብርድ ካልቀመሰ አይበቅልም። ክረምቱ አለፈ ብሎ ነው የሚነቃው።»

«አሎራ፣ እንግዲያው እኛ እዚህ ስንት ክረምት ቀመስን! መቼ ነው የምንበቅለው?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ዮናስም አፈር በነካ እጁ አፉን ይዞ ሳቀ።

ትናንት እናቴ «ወይ ትከለው ወይ ጣለው፤ እኔ ማየት አልቻልኩም» አለችኝ። መጣል አልችልም። ብተክለውና ባይበቅል ደግሞ ወንድሜን ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ። የፍሪጁን በር ዘጋሁት። ትንሽ ቆሜ መልሼ ከፈትኩት።