አራት ጣት

ሰው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር በዓይኑ ይመርጣል፤ አጎቴ ግን ስኮፕ የሚመርጡት በጣታቸው ነበር።

ባሩዱን በአፈሙዙ የሚጎርሰው የአደን ጠመንጃቸው ሲተኮስ ወደ ኋላ ክፉኛ ይመታል። አንድ ጊዜ ስኮፑ ቅንድባቸውን ፈንክቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ አጮልቀው ሲያዩ በዓይናቸውና በመስታወቱ መሃል አራት ጣት ካልገባ አይገዙም።

ባለፈው መስከረም ታከር ከተማ ወዳለ የአደን ዕቃ ሱቅ ነድቼ ወሰድኳቸው። ሻጩ ውዱን አመጣላቸው። አዩበትና ጣታቸውን ሰደዱ፤ አልገባም።

"ዋጋው ውድ ነው፤ ግን ይፈነክተኛል" ብለው መለሱለት።

እኔ አፍሬ ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ። ከታችኛው መደርደሪያ ርካሹን አንስተው ሲለኩት አራቱም ጣት ገባ። ፊታቸው በራ።

"ነይ እስቲ፣ አንቺም ለኪው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ፕሊስ፣ በቃ እንሂድ" አልኳቸው። ሳቅ ብለው ከፈሉ።

የአደኑ ወቅት ሳይከፈት አረፉ። አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሱበትም።

ትናንት ስኔልቪል ከተማ ባለው ቤታቸው ልብሳቸውን ስንለይ ጠመንጃው ያ ስኮፕ እንደተገጠመበት ከቁም ሳጥኑ ወጣ። ልጃቸው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ አቀበለኝ። ትከሻዬ ላይ ደገፍኩት። በመስኮቱ ማዶ ያለው ዛፍ ጥርት ብሎ ሲታየኝ ጣቶቼን በዓይኔና በመስታወቱ መሃል ሰደድኩ። የሳቸው ጣት ወፍራም ነበር፤ በእኔ አራት ጣት ላይ የአንድ ጣት ቦታ ተረፈ። ጣቶቼን ካነሳሁ በኋላም ዛፉ አልታየኝም።

ያን ቀን ብለካው ምን ነበረበት?

ጋሼ፣ ይኸው ለካሁት። የእኔ ጣት አልሞላውም።