በካልሲ ውሃ የሚገባው መምህር

መምህር ቦጂያ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሀገረ ሕይወት ከተማ የጂምናስቲክ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹን እየመራ እስከ ጉደር መንገድ ይሮጥ የነበረ ሰው፣ በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ሩጫውን በድንገት ተወ። በምትኩ በየማለዳው ወደ ፍል ውሃው መዋኛ እየመጣ፣ ጠርዙን በአንድ እጁ ይዞ ውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይራመድ ጀመር። ዓይኑን ከእግሩ አያነሣም፤ ካልሲውንም አያወልቅም።

የመዋኛውን ፎጣ የምታጥበው ወይዘሮ ደስታነሽ ቀድማ ጠረጠረች።

«በካልሲ የሚታጠብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚደብቀው ቢኖር ነው እንጂ!»

ዘበኛው ኦቦ ነገራም፣ «ባለፈው እሾህ ረግጦ ሳያነክስ አለፈ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

ሁላችንም ሥጋ ደዌ ነው አልን። እኔ የደብሩ መሪጌታ ስሆን፣ በጸሎት ጊዜ ዓይኑን እንደማይጨፍን አይቼ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ያንንም በክፋት ቆጠርሁበት። ከውሃው ቢከለከል ትምህርት ቤቱም እንደማያቆየው እናውቅ ነበር። ነገሩን ለማጣራት ከነገራና ከደስታነሽ ጋር ወደ መዋኛው ወረድሁ።

«ልጄ፣ ካልሲህን አውልቅ» አልሁት።

አወለቀ። ከእሾህ ጠባሳ በቀር ቁስል የለም። ከኮቱ ኪስ የአዲስ አበባ ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት አወጣ። ነርቩ ተጎድቶ እግሮቹ ደንዝዘዋል፤ በሽታው አይድንም፣ ወደ ሌላም አይተላለፍም፤ ሩጫውን ትቶ፣ እግሩ እንዳይቆስል ካልሲ አድርጎ በውሃ ውስጥ ይራመድ፣ እግሩንም በየቀኑ ይመርምር ይላል።

«ወረቀትማ ማንም ይጽፋል» አለች ደስታነሽ።

«መሪጌታ፣ ዓይኔን ስጨፍን እግሬ የት እንዳለ አላውቅም» አለኝና ጠርዙ ላይ ቆሞ ጨፈነ። እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ነገራ ጎትቶ አወጣው።

«ማስመሰልም ይሆናል» አለች እርሷ።

በመጨረሻ፣ ከመግባቱ በፊት ማለዳ ማለዳ እግሩን ለደስታነሽ እንዲያሳይ ወሰንን። አፈረ፤ ግን እሺ አለ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ማለዳ ተረከዙን አገላብጣ ስታይ ጮኸች።

«አገኘሁት! ደም!»

ተጠጋን። የጠርሙስ ስባሪ ተረከዙ ውስጥ ተሰክቷል።

«ይህን ይዘው ነው እዚህ ድረስ የመጡት? ኧረ በማርያም!» አለችው።

«ምንም አልተሰማኝም። ብቻዬን ስመረምር ተረከዜ በደንብ አይታየኝም» አለ ቦጂያ።

ስባሪውን ነቅላ በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችለት።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያን ውሃ ረገጠ፤ ተማሪዎቹንም ግንብ ተደግፎ አሠለጠነ። ደስታነሽ እግሩን ሳታይ ያሳለፈችው ማለዳ አልነበረም። ሆኖም እርሱ ከወጣ በኋላ፣ ውሃው እስኪቀየር ድረስ፣ ጣቷን እንኳ አትነክርም ነበር።