አልማዝ ባለጭራ ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት ሂሊያርድ ከተማ፣ በምሠራበት ዌርሃውስ፣ ብሬክ ላይ ጋሼ ግርማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ የወጣውን ሽፍታ አሳዩን። «አልማዝ ባለጭራ ናት፤ አውቃታለሁ» አሉ። ሰዉ «የትኛዋ አልማዝ? ባለቤትዎ ያውቃሉ?» እያለ ሲስቅ እኔ ምሳዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ሐኪም ጋ ሲሄዱ ስሟን አይጥሩ፤ የሚያምዎትን ብቻ ይንገሩ» አልኳቸው። ቁጣዬ ገርሟቸው አዩኝ።

እማዬ ስትታመም አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ኖርዝላንድ ሰፈር፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ ከእማዬ ጋር ብቻችንን እንኖር ነበር። የዚያን ዓመት ዊንተር፣ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጫማችንን ነጭ ባደረገበት ሰሞን፣ እማዬ ሽሮ መብላት አቆመች። «በርበሬው አፌን ላጠኝ» ትላለች፤ ዳቦ በወተት እያራሰች ትውጣለች። ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ወጡ፤ ልብስ ሲነካቸው ይፈነዳሉ።

ክሊኒክ ሄድን። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እስኪገኝ ጠብቁ አሉን። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም፤ «እኔ አለሁ» አልኩ።

«አልማዝ ባለጭራ ሳትሆን አትቀርም በያቸው» አለችኝ እማዬ። «አፌም እንደቆሰለ ንገሪያቸው።»

አልማዝን በስልኬ ፈልጌ «ሺንግልስ» አልኩ፤ በእንግሊዝኛዬ እየኮራሁ። አፏን ግን ዘለልኩት። በርበሬ ነው ብላ የለ? ከቆዳ ጋር ምን አገናኘው? ሐኪሟም ጀርባዋን አየት አድርጋ የሺንግልስ መድኃኒት አዘዘች።

አልሻላትም። ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ቅባት። ሁሉም የፊተኛዋ የጻፈችውን እያነበቡ ቀጠሉ። እማዬ ከስታ ግማሿን አከለች። በመጨረሻ አንድ የቆዳ ሐኪም ከቁስሉ ቆንጥሮ አስመረመረና ፔምፊገስ ነው አለን። የገዛ ሰውነቷ ቆዳዋን እያጠቃ ነው፤ ብዙ ሐኪም አይቶት አያውቅም፤ ቢቆይ ይገድላት ነበር።

መድኃኒቱ ሲይዝላት ያው ሐኪም ኮል አደረገልን። ሌሎች ሐኪሞች በሽታውን ጥቁር ቆዳ ላይ እንዲለዩት ስብሰባ አዘጋጅቷል፤ ትመጣለች ወይ? እማዬ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ጋዋን የለበሱ ሰዎች ተራ በተራ ጀርባዋን አዩ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም መጀመሪያ ሺንግልስ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ለእማዬ አስተረጎምኩላት።

«እኔ ነኝ በያት» አለች እማዬ፣ ፊቴን ሳታይ።

«አንቺ ስለ አፍሽም ነግረሽኝ ነበር እኮ…»

«ዝም ብለሽ አስተርጉሚ!»

ያ ሁሉ ሐኪም ቆሞ ስንጨቃጨቅ ያየናል። «እኔ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አፏ ቆስሎ ነበር። ነግራኝ ሳልናገር ቀረሁ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እነሱ ግን አጎንብሰው ጻፉ። ወጣቷ ብቻ «አፏን አስከፍቶ ያየ ሐኪም ነበር?» አለች። አልነበረም።

መኪና ውስጥ እማዬ ምን እንዳልኳቸው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከሰባ አንድ ቁጥር ሃይዌይ ስንወጣ «በሰው ፊት ራስሽን አዋረድሽ» አለች። ተቆጥታ ይሁን አዝና አልገባኝም። ጠይቄያትም አላውቅም።

ዛሬ እማዬ ደህና ናት። በየጊዜው እየጠሯት አዳዲስ ሐኪሞች ያዩዋታል፤ የሚያስተረጉምላት ሌላ ሰው ነው። ልጅ ለወላጁ ማስተርጎም የለበትም ይላሉ አሁን። እሺ፣ ልክ ናቸው። ግን ያን ቀን እኔ አለሁ ስል «አይሆንም» ያለኝ ማን ነበር? ማታ ማታ እንዲህ እያልኩ ጥፋቱን አካፍላቸዋለሁ። ሲነጋ ግን ሙሉውን መልሼ እወስደዋለሁ።