ትንፋሽ አይጠራቀምም

ጋሽ ጎሜ አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበር። ሚስቱ በግድ አስተማረችው። ለጥቂት ያላጠፋውም ይኸው ትምህርት ነው።

ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ዕድሜውን ሁሉ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ስለኖረ ሰፈሩ ጎሜ አለው፣ ፀጉሩ ሲሸብት ደግሞ ጋሽ ጨመረለት። ሱቁ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው። አንድ በር፣ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ አሮጌ ጎማዎች፣ በዘይት ጠቁሮ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ወለል። እሱ ጎማውን ይፈታል፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይለጥፋል። ሚስቱ ኮምፕሬሰሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ አየሩን ትሰጣለች። የግፊቱ መርፌ ወደ ታች ሲወርድ ቧንቧውን ትዘጋና "ቆይ፣ ይሙላ!" ትላለች። ደንበኛው ቢቸኩል፣ ቢነጫነጭ፣ ጥሩምባ ቢያስጮህ፣ የኮምፕሬሰሩ በርሜል ሳይሞላ ቧንቧውን አትከፍትም። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖረች። አየር ማለት ለእሷ ዝም ብለው ሲጠብቁት የሚጠራቀም ነገር ነው።

የጋሽ ጎሜ ትንፋሽ ከተበላሸ ቆይቷል። ሲጋራውም አለ፣ የተቃጠለ ጎማ ጭሱም አለ፤ የትኛው ምን ያህል እንደበላው የሚያውቅ የለም። ሲጋራውን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ሳንባው ግን ተውኩት ስላሉት የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሐኪሞቹ በሽታውን ኤምፊዚማ ይሉታል። በሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ይለጠጡና ይቀዳደዳሉ፤ የገባው አየር በቅጡ መውጣት ያቅተዋል። ጋሽ ጎሜ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ካለ፣ ቀና ለማለት አግዳሚውን ይዞ ይቆያል። እንዲያም ሆኖ ከሱቁ አልቀረም። "ጎማ እያየ የሚቀመጥ ጎሚስታ ሞቷል ማለት ነው" ይላል፤ ይቺን ለመጨረስ መሀል ላይ እያረፈ።

ከዚያ ሳል ያዘውና የደረት ራጅ ተነሳ። በቀኝ ሳንባው አናት ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች። ትልቁ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው ደግመው አነሱት፤ ነጥቧ እዚያው አለች።

ቀዶ ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ባልና ሚስቱን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እቅጩን ነገረቻቸው።

"ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በመርፌ ወግቼ ናሙና ልውሰድ ብል የእርስዎ ሳንባ እንደ አሮጌ ላስቲክ ነው፣ አንዴ ከተበሳ መድፈን ያስቸግራል። የሚሻለው ነጥቧን ከነዙሪያዋ ቆርጦ ማውጣት ነው።"

"ታዲያ አውጪያት፣ ልጄ" አለ ጋሽ ጎሜ፣ ስለ ጥርስ የሚያወራ ይመስል።

"መውጣቷ አይደለም የከበደኝ። ከማደንዘዣው ነቅተው በራስዎ መተንፈስ አለብዎት። የትንፋሽ መለኪያው ቱቦ ውስጥ ሲነፉ ያመጡት ውጤት ይችላሉም አይችሉምም አያሰኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ኮሪደሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ደረጃም ይወጣሉ። ከቻሉ እቆርጣለሁ። ካልቻሉ አልነካዎትም፤ በጨረር እንሞክራለን። ለእርስዎ የምመርጠው ግን እሱን አይደለም።"

ሚስቲቱ ከዚያ ክፍል ይዛው የወጣችው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ደረጃ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ስታሰላስል መጣች። ቤት ሲገቡ ነገሯን ጨርሳ ነበር።

"ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ የለም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ትንፋሽህን ታጠራቅማለህ። በየሜዳው እየረጨኸው ደረጃውን በምን ልትወጣው ነው? በርሜሉ ይሙላ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ በርሜል ነኝ?"

"ከበርሜል በምን ትሻላለህ? በርሜል እንኳ አፍ የለውም።"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ሲዞር "ይኸው፣ አባከንከው" አለችው።

የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የሆነችው ልጃቸው "እማዬ፣ ሐኪሟ ተኛ ብላዋለች?" ብላ ጠየቀች። "ሩጥም አላለችው" ተባለችና ተወችው። እናቷ አንዴ ከወሰነች መመለሻ እንደሌላት ታውቃለች።

እውነትም ሴትዮዋ አላሾፈችም። መታጠቢያው አልጋው ድረስ መጣ። ምግቡ በትሪ ቀረበ። ሬዲዮኑ እጁ ሥር ተቀመጠ፣ ድምፁን ለመጨመር እንኳ እንዳይንጠራራ። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር ማበጠሪያና መቀሱን ይዞ ቤት ድረስ መጣ።

"ጋሽ ጎሜ፣ ንጉሥ ሆንክ እኮ! የቀረህ ማራገቢያ የሚይዝልህ ብቻ ነው።"

"አትሳቅብኝ፣ እያጠራቀምኩ ነው።"

"ስንት ደረሰልህ?"

"እሷን ጠይቃት፣ መርፌውን የምታነበው እሷ ናት።"

ጋሽ ጎሜ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደው፣ በመጨረሻም አመነበት። አልጋ ላይ ሲውል ትንፋሽ ስለማያጥረው የዳነ መሰለው። ፊቱ ሞላ፣ ጉንጩ ወዛ። ሚስቱም እያየችው ደስ አላት። ሱቁን ከልጇ ጋር እየተጋገዘች፣ ጎማ ራሷ እየፈታች፣ ወገቧ እየተቆረጠ ስትመለስ እሱን ወዝቶ ስታገኘው ድካሟ ይረሳታል። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ እንደ ሙሽራ ደግፋ ወሰደችው።

ኮሪደሩ መሀል ላይ ሳይደርስ እግሩ ተንቀጠቀጠ።

ጣቱ ላይ የተሰካችው የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ጮኸች። ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበር አምጥተው አስቀመጡት፤ ደረጃውን ከሩቅ አየው እንጂ አልረገጠውም። ሐኪሟ እስኪረጋጋ ጠበቀችና "ምን ሲሠሩ ነው የቆዩት?" አለች።

"ትንፋሽ... ሳጠራቅም" አለ፣ ያኮራል ብሎ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወደ ሚስቱ ዞረች። ሚስትየው ነገሩን ከኮምፕሬሰሩ ጀምራ አስረዳች፤ እየተናገረች ሳለ ግን የሐኪሟን ፊት አይታ ድምጿ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ሐኪሟ የአተነፋፈስና የእንቅስቃሴ ባለሙያዋን አስጠራች። ባለሙያዋ ረጅም፣ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። አጎንብሳ የጋሽ ጎሜን ጭን ጫን ጫን አደረገችው፤ የበሰለ ድንች ይመስል ለሰለሰ።

"እትዬ፣ ትንፋሽ አይጠራቀምም። ገብቶ ይወጣል፣ በቃ። ሳንባቸውን አናድሰውም። እግር ግን ሲሠራ ይጠነክራል፣ የጠነከረ እግር ደግሞ በትንሽ አየር ብዙ ይሄዳል። እርስዎ ያስተኙት እግራቸውን ነው።"

ሴትዮዋ እጄን ልታጠብ ብላ ወጣችና መታጠቢያው ቤት ውስጥ ውሃውን ከፍታ ቆመች። ሰው መግደል እንዲህ ቀላል ነው? በትሪ፣ በትራስ፣ በንጹሕ ሸሚዝ? ማልቀስም አሰኝቷት ነበር፤ ግን ለቅሶው ለማን ይጠቅማል? ፊቷን አበሰችና ተመለሰች።

"አንድ ዕድል ይስጡኝ፣ ዶክተር።"

"ነጥቧ ብዙ አትጠብቀንም" አለች ሐኪሟ። "አንድ ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። ሁለተኛ የለም።"

ባለሙያዋ ዘዴውን እዚያው አሳየቻቸው። በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርጎ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ቀስ ብሎ ማውጣት፤ ሲራመዱም ሲወጡም ትንፋሽን አለመያዝ። ሲደክም ማቆም፣ ሲመለስ መቀጠል። መጀመሪያ የሞከረችው ሚስቱ ናት፤ ከንፈሯን አሹላ ስትነፋ ጋሽ ጎሜ "ልትስሚኝ ነው?" አላት፣ ሰው ፊት።

በማግስቱ ትሪው ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ።

"ተነስ።"

"ትናንትና ተኛ፣ ዛሬ ተነስ። ሴትዮ፣ አንቺ ሕግ ነሽ ወይስ የአየር ጠባይ?"

"ቁርስህ ሱቁ ነው ያለው። እዚያ ድረስ ሄደህ ብላ።"

ከቤታቸው ሱቁ ድረስ ያለው መንገድ ጤነኛ ሰው ሳያስበው የሚደርስበት ነው። ጋሽ ጎሜ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዞ ቆመ፤ የመብራት ምሰሶውን ይዞ ቆመ፤ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ ጎኑ ናት። ክንዱን አትይዝም፤ እንዳትይዝ ተነግሯታል፤ እጇ ግን ያለ እሷ ፈቃድ እየተዘረጋ ያስቸግራታል፣ ስለዚህ ከኋላዋ አጣምራ ትሄዳለች። ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ ሲያያቸው ጮኸ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! እንቁላሉ መጣ!"

"ምላስህን... በመቀስህ... በቆረጥኩልህ" አለ ጋሽ ጎሜ።

"መጀመሪያ ድረስብኝ!"

ይህ ስድብ የየቀኑ ሆነ። ጋሽ ጎሜ ወደ ፀጉር ቤቱ ሲጠጋ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሹሎ፣ ደረቱን ሳይሆን እግሩን እያዳመጠ ይመጣል። የአጥሩ እረፍት ቀረ። ቀጥሎ የምሰሶው ቀረ። ክፉ ቀንም ነበረ፤ ጉንፋን ይዞት እንደገና ደጃፍ ለደጃፍ የቆጠረበት፣ ሚስቱም "ተውኝ" ሲላት ያልተወችበት፣ ተቆጣጥተው ሳይነጋገሩ ተከታትለው የሄዱበት። ሱቅ ሲደርስ ጎማ መፍቻ ብረቱን ታስይዘዋለች። ትንንሾቹን ጎማዎች ለእሱ፣ የጭነት መኪናውን ለራሷና ለልጇ። አንድ ቀን ፀጉር ቤቱን ሳይቆም አልፎት ሄደ፤ ወደ ኋላ ዞሮም "አንተ ጋ ደግሞ ምን የሚያስቆም ነገር አለ?" አለው። ሰውየው መቀሱን እንደያዘ አጨበጨበ።

"ሳንባዬ ነው ያረጀው" ይል ጀመር ጋሽ ጎሜ፣ "እግሬ ገና ጎረምሳ ነው።"

በተሰጠው ቀጠሮ ኮሪደሩን ሄዶ ተመለሰ። ደረጃው ሥር ሲደርስ ብረቱን ያዘ፣ ነፋ፣ ወጣ። መሀል ላይ ቆመ። ሚስቱ ከታች ሆና እጇን ከኋላዋ ጨመቀችው። ነፋ፣ ቀጠለ። ላይ ሲደርስ ባለሙያዋ የጣቱን መሣሪያ አይታ አውራ ጣቷን ቀሰረች።

ሐኪሟ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለችና በእርሳስ አሳየቻቸው። "ነጥቧ ያለችው በሽታው አብዝቶ የጎዳው ቦታ ላይ ነው። ድሮም የማይሠራልዎትን ነው የምቆርጠው፤ ምናልባትም ለቀረው ሳንባ ቦታ ይለቅለታል። ግን አልዋሽዎትም። አየር ሊያሾልክ ይችላል፣ ከመተንፈሻ መሣሪያው ለመላቀቅ ሊቸገሩ ይችላሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ።"

ጋሽ ጎሜ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ባለፈው ብዙ አውቃ ነበርና አሁን ዝም አለች።

"ምነው ዛሬ ቃል አጣሽ?"

"ሳንባው ያንተ ነው። እኔ አንዴ ተሳስቻለሁ።"

"ተሳስተሽ እዚህ አድርሰሽኛል" አለና ወደ ሐኪሟ ተመለሰ። "ቁረጪ፣ ልጄ።"

የተቆረጠ ለታ እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ዋሉ። ሐኪሟ ጭምብሏን አውርዳ መጣች። ነጥቧ ካንሰር ነበረች፤ ትንሽ ነበረች፤ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች። እሱም ነቅቷል፣ በራሱ እየተነፈሰ ነው። "የቀረን አንድ ነገር አለ" አለች፣ "ሳንባው ያሾልካል። እንዲህ ያለ ሳንባ ተቆርጦ ሲሰፋ ይህ የተለመደ ነው። እንጠብቃለን።"

ከደረቱ የወጣ ቱቦ አልጋው ሥር ያለ ውሃ የያዘ ዕቃ ውስጥ ገብቷል። ሲተነፍስ ውሃው ይፈላል፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ነርሱ ሊያስረዳት ጀመረ፤ ሴትዮዋ ግን ዕቃውን እያየች ቁጭ ብላ ነበር። አረፋ ካለ ቀዳዳ አለ። ይህን ማንም ለጎሚስታ ሚስት አይነግራትም።

ቀናት አለፉ። በየቀኑ አስነስታ አስኬደችው፤ እሷ ዕቃውን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ እሱ ከንፈሩን አሹሎ። አረፋው በየትንፋሹ መሆኑ ቀረ። ቀጥሎ ሲያወራ ብቻ ሆነ፣ ስለዚህ እንዳያወራ ከለከለችው፤ እሱ ግን አወራ። ከዚያ ሲያስል ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት ሐኪሟ መጥታ አልጋው ጎን ተንበረከከችና "ያስሉ እስቲ" አለችው። ጋሽ ጎሜ ትራሱን ደረቱ ላይ ደግፎ፣ ሕመሙን ውጦ አሳለ። ውሃው ዝም አለ።

"ጥሩ ነው" አለች ሐኪሟ።

"አንዴ ድገመው" አለች ሚስቱ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪሟ ጥሩ ነው አለች እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ድገመው።"

ደገመው። ሁለቱም ሴቶች ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው እንደ መስታወት ቆሞ ነበር።