ትከሻዋ የተዛነፈች ቅጠል

ቅድም እዚህ ሮማ፣ ፖንቴ ማሞሎ አውቶቡስ ስጠብቅ ነፋስ አንዲት ቅጠል አምጥቶ ነጠላዬ ላይ ጣለብኝ። አውራ ጣቴ እኔን ሳያስፈቅድ የቅጠሏን ግርጌ ዳሰሰ። ለስላሳ ናት፤ ግርጌዋም ግራ ቀኙ እኩል ነው። "አይ፣ አንቺስ የኛ አይደለሽም" አልኳት። አጠገቤ የቆመችው ወጣት በስልክ የማወራ መስሏት ፈገግ አለች።

የኛ ኦልሞ እንዲህ አልነበረም፣ ልጄ። ከቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ትንሽ ዞር ብሎ ካለች አደባባይ ላይ የቆመ ትልቅ ዛፍ ነበር። ቅጠሉ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል፤ ግርጌው ላይ አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ወረድ ይላል። ጊዜው ደርግ ነው። ሁላችንም በየሲኞራው ቤት ፊሳ ነበርን፤ እዚያው ሠርተን እዚያው እናድራለን። የኔ የምንለው በር የለን፣ ስልክ አይፈቀድልን። ሐሙስ ከሰዓት ስንለቀቅ እዚያ ዛፍ ሥር እንገናኛለን። አዲስ የመጣች ልጅም ዘመዷን የምታገኘው እዚያ ነው። አድራሻችን ዛፉ ነበር።

ታናሽ እህቴ በሱዳን በኩል ልትወጣ መሆኑን ስሰማ ድምፄን በካሴት ቀድቼ ላክሁላት። "ሮማ ስትደርሺ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ዛፉ ነይ። እንዳይጠፋሽ ቅጠሉን እዪ፤ የአባባ ትከሻ ጋቢ ሲያጣፋ በአንድ በኩል ዝቅ እንደሚለው፣ ግርጌው የተዛነፈ ነው።" ከዚያ ወጣች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የዛፉ አናት በአንድ በኩል ቢጫ ሆነ። ቅጠሉ ያለጊዜው እየተጨማደደ ይረግፍ ጀመር። "ዓይን በልቶት ነው" አሉ የሁላችን ታላቅ እትዬ፤ ካገር ቤት የመጣላቸውን ጠበል በየሐሙሱ ሥሩ ላይ ጠብ ያደርጉለታል። "ለጉልበቴ ያስመጣሁትን! ጠጣ እንግዲህ!" እያሉ ይቆጡታል።

አንድ ቀን ስንመጣ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ሊቆረጥ ነው ማለት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ አትክልተኛ፣ ሽማግሌ ነው፣ ቅርፊቱን በቢላ ላጥ አድርጎ አሳየኝ። ከሥሩ መሐል ለመሐል አንድ መስመር፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች፤ ልክ እንደ ማበጠሪያ። የጥንዚዛ መንገድ ነው አለኝ። ጥንዚዛዋ ሻጋታ ይዛ ትገባና የዛፉ የውሃ መሄጃ ይደፈናል፤ ውሃ እግሩ ሥር እያለ በጥም ይሞታል። ማዶ ያሉትን ትናንሽ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች በእጁ አሳየኝ፦ "እነዚያም ኦልሞ ናቸው፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ። በሽታውን ይችሉታል። ያገራችን ግን አይችለውም።"

"ሶሬላ ሚያ፣ እህቴ ትመጣለች" አልኩት በተሰባበረው ጣሊያንኛዬ። "እስክትመጣ ተወው።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"አላውቅም።"

"ብተወው ጥንዚዛዋ ሌሎቹን ትይዛለች" አለና ፊቴን አየ። "አሎራ፣ እንግዲያው ጉቶውን አልነቅልም። ቅርፊቱን ልጬ እተውልሻለሁ፤ ተቀምጠሽ ጠብቂያት።"

ቆረጡት። ጥላ የነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ዘው ብላ ገባች፤ የእርጥብ እንጨቱ ሽታ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀም። ጓደኞቼ ማዶ ወዳለው ጥላ ተሻገሩ። "ነይ ወዲህ! ጉቶውን አግብተሽው ነው?" ይሉኛል። እኔ ግን መንገድ መንገዱን እያየሁ እዚያው ተቀመጥኩ። ቅጠሉን ፈልጋ ስታጣ ወዴት ትሄዳለች? ማንን ታውቃለች?

መስከረም ጠብቶ አንድ ሐሙስ ሲኞራዬ እንግዳ መጣብኝ ብላ አቆየችኝ። እየሮጥኩ ስደርስ ጉቶው ላይ አንዲት ከሲታ ልጅ ሻንጣዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"እታለም፣ ዛፍ አልሽኝ እንጂ በርጩማ መች አልሽኝ!"

አንገቷ ሥር ገብቼ አለቀስኩ። "እንዴት አገኘሽው?" ስላት፦ "የመንገዱን ዛፍ ሁሉ ቅጠል ስዳብስ ሰው እብድ ናት አለኝ። ሁሉም እኩል ነው። ሲደክመኝ እዚህ ተቀመጥኩና ይሄ እግሬን ነካኝ" ብላ መዳፏን ዘረጋች። ሻካራ ቅጠል፣ አንድ ትከሻዋ ዝቅ ያለ። ከጉቶው ሥር ለካ ጉልበት የሚደርስ ቀንበጥ በቅሏል። ዓይኔ መንገድ ላይ ሆኖ፣ ያን ሁሉ ሐሙስ እግሬ ሥር ያለውን አላየሁትም።

ቀንበጡም ግንዱ ሲወፍር ጥንዚዛዋ ተመልሳ መጣችበት፤ በኋላ ቦታው አስፋልት ሆነ። እህቴ ግን የትም ስንሄድ የወደቀ ቅጠል አንስታ መዳፌ ላይ ታስቀምጥና "ሳታዪ ዳብሺ፣ የኛ ነው?" ትለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ቀበርናት።

ቅድም አውቶቡሱ ሲመጣ ቅጠሏን ልጥላት ነበር። ሐሙስ መሆኑ ትዝ አለኝና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።