ነጭ ክር የታሰረላቸው ዶሮዎች

እትዬ አልታየች አንኮበር ውስጥ ዶሮ አርብተው የሚተዳደሩ መበለት ነበሩ። በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. የሟች ባላቸው የክርስትና ልጅ ዘርአ ዳዊት፣ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ሆኖ፣ የተሻሻለ የዶሮ ኮሌራ ክትባት ይዞ ከደብረ ብርሃን መጣ። ዶሮዎቹን ሁሉ ወጋ፤ የግማሾቹን እግር በቀይ፣ የቀሩትን በነጭ ክር አሰረ።

«ለመለያ ነው፤ ሁሉም ተከትበዋል» አላቸው።

በዐቢይ ጾም በሽታው ገባ። ጎረቤቶቻቸው እንደ ልማዱ ዶሯቸው ሳይታመም ለመሸጥ ወደ ሙስሊሞቹ ገበያ ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ፣ እትዬ አልታየች ክትባቱን አምነው ለፋሲካ ገበያ አቆዩ። ቀይ ክር የታሰረላቸው ተረፉ። ነጭ የታሰረላቸው በሙሉ አለቁ።

ዘርአ ዳዊት ውጤቱን ሊያይ ሲመጣ፣ «ለነጮቹ ምን ነበር የወጋሃቸው?» አሉት።

«ውኃ ነው፣ እማማ። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ካልተከተቡት ጋር ሲነጻጸር ነው። ነግሬዎት ቢሆን ይሸጧቸው ነበር።»

«እሸጣቸው ነበራ! ባሌ ክርስትና ያነሳህ ለዚህ ነው? በል እኔንም ነጭ ክር እሰረኝና ሞክረኝ!»

በዓመቱ አገሩ ሁሉ ዶሮውን በዚያ ክትባት አዳነ። እትዬ አልታየች ግን የተረፉትን ሸጠው ዶሮ ማርባት ተዉ። ዘርአ ዳዊት በየፋሲካው የሚያመጣላቸውን ዳቦ ተቀብለው፣ ቆርሰው ለጎረቤት ያድሉ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ ራሳቸው አልቀመሱለትም።