ከጋለች አታጥፊያት

ደላላው «ዶክተር የያዛት መኪና ናት» ብሎ ነው ያገናኘኝ። ዲላ ውስጥ የሚሸጥ አሮጌ መኪና ሁሉ ዶክተር የያዘው ነው፤ ይህን እያወቅኩ አመንኩት። የአስተማሪ ሞኝነት ማለቂያ የለውም።

ለነገሩ መጥፎ መኪና አይደለችም። ጠዋት ገና ቁልፉን ስነካው ትነሳለች፣ ዳገት አትፈራም። ችግሯ አንድ ነው፤ ከጋለች በኋላ ካጠፏት እስክትበርድ ድረስ አትነሳም። መካኒኩ ማስነሻ ሞተሪኖዋን ፈቶ ገጥሞ፣ ፈቶ ገጥሞ ሲሰለቸው «ከጋለች አታጥፊያት፤ ካጠፋሻት በግፊ ነው» አለኝ። አመሏን ለመድኩ። ገበያ ስወጣ ቁልቁለት ፈልጌ አቆማታለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ገና ሲያዩኝ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ።

ታናሽ እህቴ ያገባችው ጨለለቅቱ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ልጠይቃት በሄድኩበት ቀን ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ብንወስዳት «ልጁ በእግሩ ነው የመጣው፤ አሁኑኑ ዲላ ሆስፒታል» አሉን። አምቡላንሷ ሌላ ወላድ ይዛ ሄዳለች። ባሏ ለሥራ ሐዋሳ ነው። መኪና ያለኝ ደግሞ እኔ ነኝ፤ በእኛ አገር መኪና ካለሽ አምቡላንስ ነሽ፣ ማንም አያስፈቅድሽም። እህቴን ከኋላ አስተኙልኝ፤ አማቷ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ዝናቡ ያካፋል። ይርጋጨፌን ስናልፍ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ከመንገዱ ይልቅ መርፌውን እያየሁ ነዳሁ።

«እትዬ፣ ደረስን?»

«ደረስን» እላታለሁ። ገና ወናጎ እንኳን አልታየም።

«ልጁ አልተንቀሳቀሰም» አለች ቆይታ። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ምጥ አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ። ነዳጁን ረገጥኩት።

አንዱን ኩርባ ስንታጠፍ መንገዱ በቀብር ተሞልቷል። ከፊት ሳጥኑ፣ ከኋላ መዘምራኑ፣ ከዚያ ጃንጥላ የያዘ ሕዝብ። ሬሳ ሲያልፍ መኪና ዳር ይዞ ይጠፋል፤ ሞተር እያጓራ ሬሳ አይሸኝም። ይህን ስማር ገና መንዳት ቀርቶ መራመድም በወጉ አልችልም ነበር። ዳር ያዝኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ያደረግኩት የገባኝ ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

«አጠፋሻት?» አለች እህቴ። አመሏን ታውቃለች።

ደጋግሜ አዞርኩት። ቀጭ ከማለት በቀር ምንም የለም። መንገዱ ሜዳ ነው፤ የምንንደረደርበት ቁልቁለት እንኳን የለም። ደላላውን ረገምኩ፣ መሪውን በቡጢ ደበደብኩ፣ የገዛ እጄን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ እህቴ ጮኸች። ጩኸቷ ከመዝሙሩ በላይ ወጣ፤ መዝሙሩ ተቋረጠ።

ሰዉ መጥቶ ከበበን። የእህቴ አማት በመስኮቱ በኩል በጌዴኦኛ አስረዷቸው። ወንዶቹ ተያዩ፤ ሳጥኑን ትቶ ለመምጣት ግን የደፈረ የለም። ከሳጥኑ ኋላ በከዘራ ይራመዱ የነበሩ ሽማግሌ ቀርበው እህቴን አዩዋት። አማቷ ጎንበስ ብለው «ሟቿ ሚስታቸው ናት» አሉኝ በሹክሹክታ።

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሩ።

«አውርዷት» አሉ። «እሷ ከእንግዲህ አይመሽባትም። ይህችን ግፉ።»

ሳጥኑን ሣሩ ላይ አሳረፉት፤ ሴቶቹ ጃንጥላቸውን ይዘው ከበቡት። ወንዶቹ መኪናዋን ገፉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሳል ሳል ብላ ቆመች። በመስታወቱ ሳይ ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው ከወጣቶቹ መሃል ገብተዋል። እንደገና ገፉ። ተነሳች።

ቆሜ ማመስገን አልቻልኩም። ብቆምስ፣ ብትጠፋብኝስ? ጥሩምባ እንኳን አልነፋሁም። ጭቃ የረገጡትን ሰዎች መንገድ ላይ ትቼ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩን እንዳስነሳሁት ትቼው ገባሁ። ጥበቃው ሲጠራኝ ይሰማኛል፤ አልዞርኩም። እህቴ በቀዶ ጥገና ወለደች። ልጇም መጀመሪያ ዝም ብላ ቆይታ አለቀሰች።

እህቴ ትንሽ ስታገግም፣ መኪናዋን ዲላ ትቼ በሚኒባስ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቤቱን ጠያይቄ አገኘሁት። ድንኳኑ አልፈረሰም። ሽማግሌው ከሩቅ ለዩኝና ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጅቷ ተገላገለች?»

«ተገላገለች፣ አባባ። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ወደ ሰዉ ዞረው በጌዴኦኛ ነገሯቸው። ጥግ የተቀመጡ አንዲት ሴት እልል ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተይ፣ አትያዢው» አሏቸው ሽማግሌው።

ሴትዮዋ እልል አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያን ጊዜ የማለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።